የወንዴ ዘር

ጎንደር ፒያሳ ላይ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ባለች ጠባብ ቅያስ ውስጥ፣ ሦስተኛዋ በር የወንዴ አስናቀው ልብስ ስፌት ናት። በሯ ላይ ማስታወቂያ የለም፤ ሰው የሚለያት ደጃፏ ላይ በተሰቀሉት ቀሚሶች ነው። ወንዴ በጨርቅ የታመነ ሰው ነው። በሃያ ዓመት ውስጥ የአንዱ ጨርቅ ከሌላው ተለዋውጦበት አያውቅም። ዘዴው ቀላል ነው። ጨርቁ እጁ እንደገባ ቁራጭ ወረቀት ላይ ይጽፍና በስፒል ይሰካበታል፦ «የአዜብ ቀሚስ»፣ «የአወቀ ሱሪ»፣ «የሰርካለም ነጠላ»። በቃ። የአባት ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ ቀን ብሎ ነገር የለም። ይህን ልማዱን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ጉድ የሚያፈላው እሱ ነው።

ወንዴ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እናቱ እማማ አየለች ከእንፍራንዝ ወጣ ባለ የገጠር ቀበሌ የሚኖሩ ሴት ሲሆኑ፣ እሱን የወለዱት ባገቡ በሰባተኛው ዓመት ነው። ከሱ በፊት አልነበረም፤ ከሱም በኋላ አልተደገመም። ሰባት ዓመት የተጠበቀው ልጅ ወንድ ሆኖ ሲገኝ እናቱ ሌላ ስም ማሰብ አላስፈለጋቸውም፤ ወንዴ አሉት። ይህ ስም ለረጅም ዘመን አንድም ችግር አላመጣበትም ነበር። ችግር ያመጣበት ኮሌጅ ነው።

ኮሌጅ የገባው በሸጋዬ ውትወታ ነው። ሸጋዬ ሚስቱ ናት። እዚያችው ሱቅ ውስጥ ከሱ ጀርባ ተቀምጣ የቀሚስ ጥልፍ ትጠልፋለች፤ ጣቷም አፏም አያርፍም። «ሰው አንተ ጋ የሚመጣው ልኩን ሊሰጥ ነው ወይስ ሆዱን ሊያወራ?» ትለው ነበር። እውነቷን ነው። ሱሪ ሊያሰፋ የመጣ ሰው እጁን ዘርግቶ ሲለካ፣ ሜትሩ ወገቡ ላይ ሳይደርስ የትዳሩን ችግር ዘርዝሮ ይጨርሳል። «እንግዲያ በወግ ተማረውና ቢሮ ተቀምጠህ አዳምጣቸው» አለችና ቅዳሜና እሑድ የሚያስተምር አንድ የግል ኮሌጅ ሶሻል ወርክ አስመዘገበችው። ሁለት ዓመት ያለ እንከን ሄደለት። በሦስተኛው ዓመት «የሰው ልጅ ፆታዊ ሕይወት መግቢያ» የሚባል ኮርስ መጣ።

መምህርቷ ምስጢር ትባላለች። ለዚህ ኮርስ ምስጢር የምትባል ሰው መመደቧ የተማሪው የመጀመሪያ ሳቅ ነበር፤ ሴትዮዋ የምትደብቀው ነገር አልነበራትማ። ገና በመጀመሪያው ቀን የሰው ገላ ሥዕል ሰሌዳው ላይ ለጠፈችና በማስመሪያ እየጠቆመች ስም አስጠራች። ክንድ፣ ደረት፣ እምብርት። እስከዚያ ድረስ ክፍሉ በአንድ ድምፅ መለሰ። ማስመሪያው ከእምብርት በታች ሲወርድ ሁሉም ደብተሩ ላይ አቀረቀረ።

አንዲት ልጅ በእንግሊዝኛ መለሰች። መምህርት ምስጢር «በአማርኛስ?» ስትላት ልጅቷ ፊቷን ወደ መስኮት አዞረች። ከኋላ ወንበር ዲያቆን ወልደ ገብርኤል እጁን አወጣ፤ ነጠላውንም አስተካከለ።

«ኀፍረተ ሥጋ» አለ፣ ቅዳሴ ላይ እንዳለ ሁሉ ድምፁን ሳብ አድርጎ።

«ስሙ ራሱ ኀፍረት ከሆነ ሳናፍር እንዴት ልንማረው ነው?» አለችና ወደ ወንዴ ዞረች። «አንተ ልብስ ሰፊ ነህ አይደል? ቀኑን ሙሉ ሰው ስትለካ ነው የምትውለው። እናንተ ምን ትሉታላችሁ?»

ወንዴ አንገቱ ላይ የሌለውን ሜትር በእጁ ፈለገ።

«እኛ... የሱሪ መሐል ነው የምንለው» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ይህ ገና መጀመሪያው ነው። በሦስተኛው ሳምንት መምህርት ምስጢር በአማርኛ ያዘጋጀችውን ማስታወሻ አደለች። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ «የወንዴ ዘር ከሴቴ ዘር ጋር ሲዋሐድ ጽንስ ይፈጠራል።» አርባ ራስ ባንድ ጊዜ ወደ ወንዴ ዞረ። ወንዴ ገጹን ቢያገላብጥ ስሙ አሥራ ሰባት ጊዜ ተጽፏል። የወንዴ ዘር ጭራ አለው። የወንዴ ዘር ይዋኛል። የወንዴ ዘር ብዙ ሙቀት አይስማማውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሻይ ሰዓት ያገኘው ሁሉ «ወንዴ፣ ሴቴ ደህና ናት?» እያለ መከራውን አበላው።

የማንበብ ተራ የደረሰው ቀን «የወንዴ ዘር» የሚለው ላይ ሲደርስ «ስፐርም» እያለ አለፈው። መምህርት ምስጢር አስቆመችው።

«ለኔ ስፐርም ገብቶኛል። ነገ ቢሮህ የሚመጡት እናት ግን እንግሊዝኛ አያውቁም። ለሳቸው ምን ልትላቸው ነው?»

የማጠቃለያው ፈተና የታወጀው ያን ዕለት ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ከኮርሱ አንድ ነገር ይመርጥና ትምህርት ቤት ደጅ ላልረገጡ አንድ የቤተሰቡ አዛውንት በአማርኛ ያስረዳል፤ ከዚያ አዛውንቱ የጠየቁትን ጥያቄ ጽፎ ያመጣል። ነጥብ የሚያሰጠው ጥያቄው ነው። መምህርት ምስጢር ነገሩ መግባት አለመግባቱን ከጥያቄው አውቃለሁ አለች።

ሸጋዬ ማስታወሻውን ከሱ ቀድማ ጨርሳዋለች። ጥልፏን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ታነባለች፤ ከዚያ ብቻዋን ትስቃለች። «ይሄ ሁሉ በኔ ውስጥ አለ እንዴ?» ትለዋለች። ወንዴ የስፌት ማኪናውን ጠበቅ አድርጎ ይረግጥና ያልሰማ ይመስላል።

አሁን ስለዚህ ቤት አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ወንዴና ሸጋዬ ከተጋቡ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ልጅ የላቸውም። ይህን የሚያውቅ ሁሉ ጥፋቱ የማን እንደሆነም ያውቃል፤ የሸጋዬ ነው። በየዓመቱ እማማ አየለች ከእንፍራንዝ ይመጡና ከከተማው ወጣ ብሎ ሸለቆ ውስጥ ወዳለ ጠበል ይወስዷታል። ሰባት ቀን፣ ገና ሲነጋጋ፣ አጥንት የሚሰብር ውሃ። ወንዴ ከአጥሩ ውጭ ጋቢዋን ታቅፎ ይቆማል። ስትወጣ ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ፣ «ሸጋ ነው፤ ለብ ያለ ነው» ትለዋለች። ይህችን ቀልድ አሥራ አንድ ዓመት ደጋግማዋለች።

ደግሞ ማንም የማያውቀው ነገር አለ። ከስድስት ዓመት በፊት ሸጋዬ ሁለት ሐኪሞች ዘንድ ሄዳ ተመርምራለች፤ ሁለቱም ምንም የለብሽም ብለዋታል። ወረቀቱ እስከ ዛሬ ክር በሚቀመጥበት ቆርቆሮ ሥር ታጥፎ ይኖራል። ያኔ ለወንዴ አሳየችው። አንብቦ መለሰላትና «ሐኪም ምን ያውቃል» አለ። ለምን እንዲያ እንዳለ ራሱም አያውቅም ነበር። ወይም ያውቅ ነበር።

በዚህ ዓመት ዐቢይ ጾም በገባ ሳምንት ስልክ መጣ። ወንዴ ጨርቅ እየቀደደ እጁ ስላልተፈታለት ድምፅ ማጉያው ላይ አደረገው። እማማ አየለች ደግሞ ስልክ ሲያወሩ ጎንደር ድረስ በጩኸት የሚደርሱ ይመስላቸዋል።

«ስማኝ ልጄ። መሬቱ ጭንጫ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ያላበቀለ ከእንግዲህ አያበቅልም። ለዳግማ ትንሣኤ እመጣለሁ፤ ልጅቱን በሸጋ ቃል ወደናቷ እንሸኛታለን። እዚህ ያየኋት አንዲት ጨዋ ልጅ አለች። እኔም ሳልሞት ልይልህ።»

ስልኩ ተዘጋ። ሸጋዬ መርፌዋን ከጥልፉ ሳታነሣ «ለዳግማ ትንሣኤ የሃና ቀሚስ መድረስ አለበት፤ ከዚያ በፊት መሄድ አይመቸኝም» አለች። ወንዴ ሳቀ። ቀና ብሎ ቢያይ እሷ አልሳቀችም።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው። ወንዴ እናቱን እምቢ ብሎ አያውቅም፤ ያለ ሸጋዬ መኖርም አያውቅበትም። ከሁለቱ አንዱን ለመልመድ ያለው ጊዜ ስምንት ሳምንት ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መምህርት ምስጢር መካንነት ላይ ደረሰች። «መካን ስንል ማን ነው ዓይናችን ላይ የሚመጣው?» ብትል ክፍሉ «ሴት» አላት። ልጅ አጥተው ከሚቸገሩ ጥንዶች ወደ ግማሽ በሚጠጉት ላይ የወንዱም ድርሻ እንዳለበት ሰሌዳው ላይ ጻፈች። ወንዶቹ ተያዩ። ወንዴ እጁን አወጣ።

«አንድ ደንበኛ አለኝ» አለ። «ሰውዬው ጤነኛ ነው። ጉልበታም ነው። ከሚስቱም ጋር... ማለቴ ምንም አያቅተውም። እንዲህ ያለው ሰው ላይ ችግሩ ሊኖር ይችላል?»

«ጉልበት ሌላ፣ ዘር ሌላ ነው» አለችው፣ ዓይኗን ሳታሳርፍበት። «ደንበኛህ ይመርመር። ከሴቷ ምርመራ ሁሉ የሱ ይቀላል።»

ዲያቆን ወልደ ገብርኤል ከኋላው ጠጋ ብሎ «ደንበኛህን እግዜር ይርዳው» አለው። ወንዴ የሚያሾፍበት መስሎት ዞረ። አላሾፈም።

ደንበኛው ለመሄድ አምስት ሳምንት ፈጀበት። በስንት መከራ ፒያሳ አጠገብ ካለች አንዲት ላቦራቶሪ ሲገባ መስኮቷ ላይ እስጢፋኖስ የሚባል ሳቂታ ወጣት ተቀምጧል። ወረቀት ይሞላ ጀመር።

«ከሚስትህ ጋር ሳትገናኝ ስንት ቀን ሆነህ?»

ወንዴ ኩራት ቢጤ ተሰማው። «አርባ ሁለት» አለ።

እስጢፋኖስ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እኛ የምንፈልገው ከሁለት ቀን ያላነሰ፣ ከሰባት ቀን ያልበለጠ ነው።»

«ጾም ነዋ፣ ወንድሜ።»

«እሱማ ጾም ነው። እንግዲህ ፈስከህ ና።»

ወንዴ በዕድሜው ጾም አበዛህ ተብሎ ሲመለስ ይህ የመጀመሪያው ነበር። እስጢፋኖስ ክዳን ያላት ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ሰጠውና አስጠነቀቀው። ቤቱ ሆኖ ማዘጋጀት ይችላል። ዕቃዋ ላይ ይጻፍባት። ብርድ እንዳይመታት ገላው ላይ ይያዛት። ከሁሉ በላይ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ትድረስ፤ ካለፈ አይሠራም።

ፋሲካው እንደ ወጉ ተፈሰከ፤ በሁሉም ረገድ። ሐሙስ ጠዋት ሸጋዬ የሃናን ቀሚስ ለመጨረስ ቀድማ ወጣች፤ ወንዴ ከተማው ዳር፣ አዘዞ ካለው ቤቱ ብቻውን ቀረ። እንዴት እንዳዘጋጀ አንጠይቀውም፤ ማስታወሻው ምዕራፍ አራት ላይ አለ። ሲጨርስ ሃያ ዓመት የለመደ እጁ ቁራጭ ወረቀት ቆረጠና ጽፎ ለጠፈባት፦ «የወንዴ ዘር»። ብብቱ ሥር ወሽቆ ካፖርቱን ቆለፈና ሚኒባስ ወዳለበት ሮጠ።

ሚኒባሱ አልሞላም። ረዳቱ «ፒያሳ፣ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው» እያለ ከአንድ ሰው በኋላ አራት ሰው ጫነ። አንድ ደንዳና ገበሬ በግራ በኩል ተጫነው።

«ክንድህን አውርድና ጠጋ በል» አለው ረዳቱ።

«አይወርድም፤ ታምሟል።»

«ምነው፣ ምን አገኘህ?» አለ ገበሬው አዝኖ፣ ክንዱን ሊያሽለት እጁን እየሰደደ። ወንዴ እስከ ፒያሳ ድረስ ክንዱን ሲከላከል ሄደ። ሲወርድ የቀረው ሩብ ሰዓት አይሞላም ነበር።

ዕቃዋን በመስኮቱ አስገባና ወንበር ያዘ። የበዓል ሳምንት ስለሆነ አዳራሹ ጢም ብሏል። ከጎኑ የተቀመጠችው ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ነጠላዋ ሱቁ ውስጥ ያለችው ሰርካለም። ለሆዷ መጥታ ነው። ሰላምታ ተለዋወጡ፣ ለሸጋዬም ሰላም በልልኝ አለችው። በዚህ መሐል መስኮቱ ተከፈተና የእስጢፋኖስ እጅ ዕቃዋን ከፍ አድርጎ ብቅ አለ።

«ይቺን ስሙን ሳይጽፍ ያስቀመጠ ማነው?»

ሰዉ አንገቱን ወደ መስኮቱ አሰገገ።

«ወገኖቼ፣ የወንዴ ዘር መሆኑንማ እኛም አይተን እናውቃለን። ሌላውም ሰው ያመጣው እሱኑ ነው። የማን እንደሆነ ነው የጠፋን። ሰዓቷ እያለቀ ነው፤ ባለቤት ካልመጣ እጥላታለሁ።»

ወንዴ በልቡ አሰላ። ዳግማ ትንሣኤ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ዕቃዋ ብትጣል እንደገና ቀን መቁጠር ነው፤ እናቱ ደግሞ አይቆጥሩለትም። ጠበሉ አጠገብ የሚንገጫገጨው የሸጋዬ ጥርስ ድንገት ጆሮው ውስጥ ተሰማው። ተነሣ።

«የኔ ነው» አለ።

«ሙሉ ስም?»

«እሱ ላይ ጽፌዋለሁ። የወንዴ።»

«የወንዴ መሆኑንማ ተማመንን፣ ወንድሜ። ስም ነው የምጠይቅህ።»

«ስም ነው የምነግርህ። ወንዴ ነኝ።»

«ወንድ መሆንህንማ እያየሁ ነው።»

«ወንድ አላልሁም፤ ወንዴ። ወንዴ አስናቀው። ስሜ ነው። የወንዴ ዘር ማለት የኔ፣ የዚህ የቆምኩት የወንዴ ዘር ማለት ነው።»

ድምፁ ካሰበው በላይ ወጣ። አዳራሹ ሰማ። በር ላይ የቆመ የባጃጅ ሹፌርም ሰማ። ሰርካለም ፊቷን መዳፏ ውስጥ ቀበረች፤ ትከሻዋ ይርገፈገፋል። እስጢፋኖስ መስኮቱ ሥር ሰምጦ ጠፋ፤ ሳቁ ግን ይሰማል። ወንዴም መጨረሻ ላይ ሳቀ። መምህርት ምስጢር ፊት ሦስት ወር አልወጣ ያለው ቃል ወጥቶ ጣሪያው አልተደረመሰም።

ውጤቱን ከሰዓት በኋላ ወሰደ። እስጢፋኖስ አሁን አልሳቀም። «በአንድ ሚሊ ሊትር ሦስት ሚሊዮን» አለው፣ ቀስ ብሎ።

«ታዲያ ምን ጎደለው?» አለ ወንዴ። «የሚያስፈልገው አንድ አይደል?»

«መንገዱ ሩቅ ነው፣ ጋሼ። ብዙው በመንገድ ይቀራል። ቢያንስ አሥራ አምስት ሚሊዮን ያህል ቢሆን ነበር ደግ። ግን በአንድ ምርመራ አይቆረጥም፤ ትደግመዋለህ፣ ሐኪምም ያይሃል። የሚታከም አለ።»

ወንዴ ወደ ሱቁ በእግሩ ሄደ። ያፈረው በቁጥሩ አልነበረም። ያፈረው ስድስት ዓመት ቆርቆሮ ሥር በተቀመጠችው ወረቀት ነው። ሸጋዬን ያን ሁሉ ውሃ ሲያስጠምቃት፣ ጋቢዋን ታቅፎ ቆሞ ራሱን እንደ ጥሩ ባል ሲቆጥር መኖሩ አንገበገበው። ደግሞም እውነቱን እንናገር፤ ወረቀቱን ቀዶ ቢጥለው የሚያውቅ የለም። ይህን አስቧል፤ አላሰበም ብዬ ላስመስልለት አልፈልግም። ሸጋዬ ደንበኛ ልታናግር ስትወጣ ቆርቆሮውን አነሣና የሱን ወረቀት ከሷው ወረቀት ሥር አስቀመጠው።

እሑድ እማማ አየለች አንድ ዶሮና አንድ ቅል ቅቤ ይዘው አዘዞ ደረሱ። ስመው፣ ተስመው፣ በልተው ጨረሱ። ሸጋዬ አብራ አልበላችም፤ ስታስተናግድ ቆይታ በሩ ሥር ካለችው በርጩማ፣ ከዱካዋ ላይ ተቀመጠች። ከእግሯ አጠገብ የታሰረች ቦርሳ አለች።

«እንግዲህ...» አሉ እናቱ፣ ነጠላቸውን እያጣፉ።

«እማዬ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር» አለ ወንዴ። «የኮሌጅ ፈተና አለብኝ። ለታላቅ ሰው አስረዱ ተብለን ታዘናል። አንቺን ነው የመረጥሁት።»

«ምነው፣ ፈተና በዚህ ሰዓት?»

«በዚህ ሰዓት ነው።» ከቆርቆሮው ሥር ያመጣቸውን ሁለት ወረቀቶች ከኪሱ አወጣ። «የወንዴ ዘር አንሷል።»

እማማ አየለች ቀና አሉ። «ምን አልህ?»

«ዘሬ ትንሽ ነው አሉኝ፣ እማዬ።»

«ማነው ዘርህን ያሳነሰው?» እማማ አየለች ከመደቡ ብድግ አሉ። «ዘርህማ ሸጋ ዘር ነው። ባባትህ በኩል እስከ ሰባት ቤት ብትቆጥር እንከን የለብህም። በኔ በኩል ቀኛዝማች አሉህ፣ የደብር አለቃ አሉህ። የማን ልጅ ነው እንዲህ ያለህ?»

«እስጢፋኖስ ይባላል።»

«የየት አገር ሰው ነው? እሱ የማን ዘር ቢሆን ነው የኔን ልጅ ዘር የሚንቀው?»

ሸጋዬ ማስታወሻውን አንብባዋለችና ነገሩ ቀድሞ የገባው ለሷ ነው። ከዱካዋ ላይ ቀስ ብላ ቀና አለች። «እማማ» አለች፣ «ያኛው ዘር አይደለም።»

ወንዴ ከዚህ በኋላ መሸሻ አልነበረውም።

«መሬቱ ጭንጫ ነው ብለሽኝ ነበር» አለ። «መሬቱ ስድስት ዓመት ሆነው ከተመረመረ። ደህና ነው፤ ወረቀቱ ይኸው። የሳሳው ዘሩ ነው። ከወንድ የሚወጣው ዘር፣ የኔ። ነቀዝ የበላው ባቄላ ዘርተሽ አልበቅል ቢልሽ መሬቱን ትራገሚያለሽ?»

እማማ አየለች ሁለቱን ወረቀቶች ተቀብለው፣ ገልብጠው ያዙ። ማንበብ አይችሉም፤ ግን ያዩታል።

«ከወንድም ይመጣል?» አሉ።

«ይመጣል።»

«ወንዱ እያረሰ? እየበላ? አንድ ቀን ሳይታመም?»

«አዎ።»

«አይታወቅበትም?»

«ካልተመረመረ አይታወቅበትም።»

እማማ አየለች መደቡ ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። አሁን ወደ ወረቀቱም ወደ ወንዴም አያዩም። ግድግዳው ላይ፣ ባርኔጣ ያደረጉት የአቶ አስናቀው ፎቶግራፍ ተሰቅሏል።

«ታዲያ አባትህስ?» አሉ።

ወንዴም ወደ ፎቶግራፉ ቀና አለ። ይህን ጥያቄ ማስታወሻው ላይ አላገኘውም።

«ሰባት ዓመት» አሉ እማማ አየለች ለፎቶግራፉ። «አማቴ ሰባት ዓመት ጠበል አመላልሰውኛል። እኔ እጠመቃለሁ፤ ይሄ ጋቢዬን ይዞ ይቆምልኛል። ደግ ባል አለሽ ይሉኝ ነበር። ነፍሱን ይማረውና፣ ጋቢዬን ይዞ።»

ከዚያ ተነሥተው ወደ በሩ ሄዱ። ሸጋዬም ተነሣች። አሮጊቷ ግን እሷን አልነኳትም፤ ጎንበስ ብለው ቦርሳዋን አነሡና ወስደው አልጋው ላይ አስቀመጧት። «አንቺ ልጅ፣ ምነው ከበር ተቀመጥሽ? ብርድ ይመታሻል» አሉ። ከሳቸው አፍ ይቅርታ የሚባል ነገር ከዚህ በላይ ወጥቶ አያውቅም።

ሸጋዬ የራሷን ወረቀት ከመደቡ ላይ አነሣችና በማጠፊያዋ መልሳ አጠፈቻት። «ሐኪም ያውቃል ማለት ነው?» አለች፣ ወንዴን እያየች።

«ያውቃል» አለ ወንዴ። «እኔም አውቅ ነበር። ይቅር በይኝ።»

ወዲያው ይቅር አላለችውም። መጀመሪያ አለቀሰች፤ ቀጥሎ «ማነው ዘርህን ያሳነሰው» የሚለው ትዝ አላትና እያለቀሰች ሳቀች። እማማ አየለችም ቆይተው ሳቁ። እስጢፋኖስን ግን ዘሩን ሳልጠይቅ አልለቀውም ብለዋል።

ቅዳሜ ወንዴ የፈተና ወረቀቱን አስረከበ። ጥያቄ በሚለው መስመር ላይ ሁለት ቃል ብቻ ተጽፎበታል፦ «ታዲያ አባትህስ?» መምህርት ምስጢር አነበበችው፤ ደገመችው፤ ከዚያ ከሌሎቹ ወረቀቶች ለይታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ነጥቡን የነገረችው በኋላ ነው፤ ሙሉ ነበር።

ከዚያ ቅዳሜ በፊት ግን ማክሰኞ አለ። እማማ አየለች ሰኞ ማታ ውሳኔያቸውን ነገሩት። «ሐኪሙ ዘንድ ትሄዳለህ፣ የሰጠህን መድኃኒት ትውጣለህ። ጠበሉ ግን አይቀርም። ተራው ያንተ ነው።» ወንዴ እናቱን እምቢ ብሎ አያውቅም።

ገና ሲነጋጋ ሸለቆው ወረዱ። ወንዴ ከአጥሩ ውስጥ ገባ። ሸጋዬ ከውጭ ቆመች፤ ጋቢው በእቅፏ ነው። የመጀመሪያው ውሃ ራሱ ላይ ሲወርድ ከአፉ የወጣው ድምፅ የጸሎት አልነበረም። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ቀጠለ። አጥማቂው አባት ሊያቆሙ ሲሉ ከአጥሩ ወዲያ የእማማ አየለች ድምፅ መጣ፤ ስልክ ሲያወሩ የሚያወጡት ድምፅ።

«አባ፣ ያባቱንም ድርሻ ይጨምሩበት።»

«ስንት ላድርገው፣ እናቴ?» አሉ አጥማቂው።

«ሰባት ዓመት ነው። እርስዎው ይገምቱት።»

አባ ለጋስ ሰው ነበሩ። ወንዴ ሲወጣ ከንፈሩ ጠቁሯል። ሸጋዬ ጋቢውን ከራሱ እስከ እግሩ ጠቀለለችበት፤ ጫፉን ይዛም ፊቱን ጠረገችለት።

«እንዴት ነው?» አለችው።

ወንዴ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ጋቢውን ሳብ አደረገ።

«ሸጋ ነው» አላት። «ለብ ያለ ነው።»

ሸጋዬ ይህችን ቀልድ ከሰው አፍ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። ጋቢው ውስጥ አብራው ገባችና ሁለቱም ዳገቱን ጀመሩት።